ማንም ያልመጣበት ግሩፕ

ተነጋጋሪዎች

ሊቀመንበር፦ ጡረታ የወጣ የመዝገብ ቤት ኃላፊ። የአሮጌ የግድግዳ ሰዓት ወዳጆች ማኅበር ሊቀመንበር።
ጫማ ሠሪ፦ ጎረቤቱ። የዚያው ማኅበር አባል። ሰዓት አለው፤ አይሠራም።

(የሊቀመንበሩ ሳሎን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። ግድግዳው ላይ ባለ መስታወት በር ረጅም ሰዓት ተሰቅሏል፤ ፔንዱለሙ ይወዛወዛል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ስልክ የስኳር ጣሳ ተደግፎ ቆሟል። የስልኩ መስታወት ላዩም ጎኑም በቁስል ፕላስተር ተለጣጥፎ የቀረው ክፍት ቦታ የክብሪት ቀፎ አያህልም። ጫማ ሠሪው በእግሩ ጣቶች ቆሞ ወደ ሰዓቱ ይንጠራራል። ሊቀመንበሩ ከጓዳ ይወጣል።)

ሊቀመንበር፦ እጅህን ከሰዓቱ ላይ አንሳ!

ጫማ ሠሪ፦ አቧራ አይቼ ነው ጋሼ።

ሊቀመንበር፦ ዛሬ አቧራ፣ ትናንት ሸረሪት፣ ረቡዕ ደግሞ «ጠመም ብሏል፣ ላቃናው»። ሚስቴ ልጃችንን ለመጠየቅ ከሄደች ወዲህ፣ አራት ሳምንት ሙሉ! በየማለዳው ፊቴን ታጥቤ ስወጣ አንተን ነው እዚህ ሥር ተገትረህ የማገኝህ። ጫማ የሚያሠራ ሰው ጠፋ እንዴ?

ጫማ ሠሪ፦ ኧረ ሞልቷል። ግን ጠዋት ጠዋት ይህን ሰዓት ሳላይ ሥራዬ አይቃናልኝም።

ሊቀመንበር፦ እየዋ! ዓይን እኮ አልከለከልኩህም። የከለከልኩት እጅ ነው። የመስታወቱን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አንሥቼ ኪሴ የከተትኩት በማን የተነሣ ሆነና?

ጫማ ሠሪ፦ በእኔ።

ሊቀመንበር፦ ይህ ሰዓት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ሰከንድ አልተዛነፈም። አንዲት! ያንተው ከቆመ ስንት ዓመቱ ነው?

ጫማ ሠሪ፦ ዘጠኝ።

ሊቀመንበር፦ በል ቁጭ በል። የቆመ ሰዓት ያለው ሰው የሚሄደውን ሲነካካ አልወድም። (ወደ ሰዓቱ ቀና ብሎ) ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ። ማኅበርተኞቹ ሩብ ሰዓት ቀራቸው። ዛሬም ካልመጡ ግን ጉዱ ይፈላል። ይኸው! (ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ይጥላል።)

ጫማ ሠሪ፦ ምንድን ነው እሱ?

ሊቀመንበር፦ አንብበው።

ጫማ ሠሪ፦ መነጽሬን አልያዝኩም።

ሊቀመንበር፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) «የአሮጌ የግድግዳ ሰዓት ወዳጆች ማኅበር፣ አባላቱ ተደጋጋሚ ጥሪ ተደርጎላቸው ባለመገኘታቸው፣ ከዛሬ ጀምሮ ፈርሷል። ሊቀመንበሩ።» በስልክም ጽፌ ጨርሻለሁ። አንዴ ነካ ባደርጋት ለስምንታችሁም ትደርሳለች።

ጫማ ሠሪ፦ (ከወንበሩ ብድግ ብሎ) ማኅበሩን ሊያፈርሱት? ኧረ ጋሼ!

ሊቀመንበር፦ እኔ አይደለሁም ያፈረስኩት። እነሱ ናቸው። ነርሷ፣ መካኒኩ፣ መምህርቷ፣ እነዚያ ሁለቱ ወንድማማቾች... ሁሉም! የወረቀት መደብሩ የጀርባ ክፍሉን ለዕቃ ማስቀመጫ ፈለግሁት ብሎ ያስወጣን ቀን «ጋሼ፣ እርስዎ ባሉበት እንገናኛለን» ሲሉ አልሰማህም?

ጫማ ሠሪ፦ ሰምቻለሁ።

ሊቀመንበር፦ ታዲያ የት አሉ? እኔ እኮ ከጡረታ ወዲህ የሚጠብቀኝ ሰው ያለኝ ቅዳሜ ብቻ ነበር። ከእሑድ እስከ ዓርብ ብጠፋ የሚፈልገኝ የለም። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ስምንት ሰው ነበረኝ። (ድምፁ ይለዝባል፤ ወዲያው ኮስተር ይላል) ይሁን። ተወው። አንተም የማኅበሩን ወንበሮች ይዘሃቸው ቅር።

ጫማ ሠሪ፦ ወንበሮቹስ አስቸግረውኛል። ዘጠኙንም ሱቄ ውስጥ ስለደረደርኩ ሰው ቡና ቤት እየመሰለው ይገባል። ትናንት አንዱ ተቀምጦ ካጨበጨበ በኋላ ነው ጫማ ቤት መሆኑን የነገርኩት። ጫማውን አሠርቶ ሄደ። (ትንሽ አስቦ) አሁን የከፈቱት አዲሱ ቦታ ስንት ወንበር ይይዛል?

ሊቀመንበር፦ ስንት ጊዜ ልንገርህ? ኢንተርኔት ላይ ወንበር የለም!

ጫማ ሠሪ፦ ቆመን ነው?

ሊቀመንበር፦ በየቤትህ ነህ! በየቤትህ ወንበር ላይ!

ጫማ ሠሪ፦ እንደሱማ ከሆነ ለምን ጠፉ? ከቤታቸው አይጠፉ።

ሊቀመንበር፦ ይኸው! አንተ እንኳ የገባህ ነገር እነሱ አልገባቸውም። እኔ የት እንገናኝ ብዬ ስንት ቦታ መረጥኩላቸው? ቁጠር። የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ግሩፕ። ሁሉም ሰው የሚጠቀምበት ተራ ግሩፕ ከፈትኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገባሁ። አንድ ሰው የለም። በአንቀጽ ስድስት መሠረት አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ። የለም። «አሳፍራችሁኛል፣ ግሩፑ ተዘግቷል» ብዬ ጽፌ ወጣሁ። ያም ባይሆን እሱ ግሩፕ ለማኅበራችን ክብር አይሆንም ነበር።

ጫማ ሠሪ፦ ምን አጠፋ?

ሊቀመንበር፦ ከየመልእክቱ ጎን ሰዓት ይጽፋል!

ጫማ ሠሪ፦ ውይ።

ሊቀመንበር፦ «ደህና ናችሁ» ብሎ የጻፈውን ሰው ሰዓቱን እዚያው ጎኑ ላይ ይለጥፍበታል። አንቀጽ አራት ምን ይላል?

ጫማ ሠሪ፦ (እንደ ተማሪ) «ማንኛውም የማኅበሩ አባል ስንት ሰዓት እንደሆነ ስልክ አይጠይቅም። የስልኩንም ሰዓት በፕላስተር ይሸፍናል።»

ሊቀመንበር፦ ጎበዝ። ላዩን ሸፍኜ የጎኑ ሲመጣ ጎኑንም ሸፈንኩ። አሁን የሚጻፍልኝን መልእክት በሦስት ፊደል በሦስት ፊደል እየጎተትኩ ነው የማነበው። ግን መርህ መርህ ነው።

ጫማ ሠሪ፦ እኔም እንደዚያው ለጥፌ የልጄን ፎቶ አፍንጫዋን ብቻ ነው የማየው። ጋሼ፣ እኔ ግን ከዚያ ከመጀመሪያው ግሩፕ...

ሊቀመንበር፦ አታቋርጠኝ። ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ፎረም። ፎረም ማለት ሥርዓት ያለው ነገር ነው፤ ልክ እንደ መዝገብ ቤት ፋይሉ ሁሉ በየመደርደሪያው። አሥራ አራት ክፍል ከፈትኩለት።

ጫማ ሠሪ፦ ለዘጠኝ ሰው?

ሊቀመንበር፦ የፔንዱለም ክፍል፣ የደወል ክፍል፣ የማርሽ ክፍል፣ የሰላምታ ክፍል፣ የቅሬታ ክፍል፣ ለቅሬታ መልስ መስጫ ክፍል...

ጫማ ሠሪ፦ እኔ የሰላምታው ክፍል ገብቼ ሰላም ብያለሁ።

ሊቀመንበር፦ አላየሁህም።

ጫማ ሠሪ፦ እርስዎ ከሄዱ በኋላ ነው መሰለኝ። መካኒኩም እኮ በፔንዱለም ክፍል...

ሊቀመንበር፦ እኔ ከሄድኩ በኋላ የመጣ ሰው እንደመጣ አይቆጠርም! አንቀጽ ስድስት! ሦስተኛው ቅዳሜ፣ የድምፅ ክፍል። ጽሑፍ የለ፣ ከጎን የሚጻፍ ሰዓት የለ፣ አፍህን ከፍተህ ማውራት ብቻ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ገብቼ «እንደምን ዋላችሁ» አልኩ። ዝም። «ሰላም ነው?» አልኩ። ዝም። አሥር ደቂቃ ሙሉ የራሴን ትንፋሽ ሳዳምጥ ቆየሁ።

ጫማ ሠሪ፦ አይ ጋሼን።

ሊቀመንበር፦ አታዝንልኝ! ዛሬ አራተኛውና የመጨረሻው ነው። ይኸው እዚህ ስልክ ላይ የቪዲዮ ስብሰባ ከፍቻለሁ። ፊት ለፊት። ሊንኩን በአጭር መልእክት ከጠዋት ልኬላቸዋለሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ፤ ተሸክሜ ላምጣቸው?

ጫማ ሠሪ፦ ምናልባት ደውለው ቢጠይቋቸው።

ሊቀመንበር፦ እነሱ ናቸው ሲደውሉ የከረሙት። አላነሣሁም! ስብሰባ ላይ ያልተገኘ ሰው በስልክ ምን ሊለኝ ነው? ሰበብ ሊደረድር? ሰበብ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሰምቻለሁ።

(ጫማ ሠሪው ቀስ ብሎ ተነሥቶ ወደ ሰዓቱ ይጠጋል።)

ሊቀመንበር፦ ቁጭ በል!

ጫማ ሠሪ፦ እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው።

ሊቀመንበር፦ እዚያው ባለህበት አፍታታ። (ሰዓቱን እያየ) አምስት ደቂቃ ቀራቸው። የሚገርምህ እነሱ ብቻ አይደሉም። አገር ሁሉ ነው የተበላሸው። ዳቦ ቤቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ይከፍት አልነበረም?

ጫማ ሠሪ፦ አሁንም...

ሊቀመንበር፦ ዛሬ ስንት ሰዓት እንደከፈተ ልንገርህ? ለሁለት አራት ደቂቃ ጉዳይ! በሩ ላይ ተገትሬ። «ምነው» ስለው ሰውዬው ዓይኑን አፍጥጦ «በሰዓታችን ነን አባቴ» አይለኝም? ያለ ኀፍረት!

ጫማ ሠሪ፦ (ጭንቅላቱን ይይዛል) አይ አይ አይ...

ሊቀመንበር፦ አዎ፣ ያሳዝናል። ሬዲዮስ ብትል? የሰባት ሰዓት ዜና። መጀመሪያ ሩብ ሰዓት ማርፈድ ጀመሩ። ባለፈው ሳምንት አርባ ደቂቃ አለፈ። አሁን እኔ ምሳዬን በልቼ ዕቃውን አጥቤ ስጨርስ ነው «ሰባት ሰዓት ሆነ» የሚሉት። ደብዳቤ ጽፌላቸዋለሁ። ሁለት ገጽ።

ጫማ ሠሪ፦ ላኩት?

ሊቀመንበር፦ በአደራ ደብዳቤ! ከፊርማ ጋር።

ጫማ ሠሪ፦ እና ጋሼ... ዳቦ ቤቱም አርፍዷል፣ ሬዲዮውም አርፍዷል፣ ማኅበርተኞቹም አርፍደዋል...

ሊቀመንበር፦ አውቶቡሱን ረሳኸው።

ጫማ ሠሪ፦ አውቶቡሱም። ፀሐይዋስ?

ሊቀመንበር፦ ፀሐይን ተዋት። እሷም ሰሞኑን ለመጥለቅ እየተጎተተች ነው። ወቅቱ ነው።

ጫማ ሠሪ፦ ሰዓት የሚያከብሩት እርስዎ ብቻ ቀሩ ማለት ነው።

ሊቀመንበር፦ እኔ ብቻ! ይህ ነገር ብቸኝነት እንዳለው አንተ አይገባህም።

(ሰዓቱ ይደውላል። ሊቀመንበሩ ኮሌታውን አስተካክሎ ስልኩ ፊት ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ስልኩ ላይ የራሱ ግንባር ብቻ ይታያል።)

ሊቀመንበር፦ ዘጠኝ ሰዓት! እንደምን ዋላችሁ፣ የተከበራችሁ አባላት። (ዝምታ።) እንደምን ዋላችሁ።

ጫማ ሠሪ፦ ደህና ዋሉ ጋሼ።

ሊቀመንበር፦ አንተን አይደለም። (ስልኩን እየነካካ) ግንባሬ ብቻ ነው ያለው። ግድ የለም፤ አሥር ደቂቃ አላቸው።

ጫማ ሠሪ፦ ጋሼ፣ ሠላሳ ቢያደርጉት? ወይም... አንድ ሰዓት? ዛሬ ብቻ፣ ለመጨረሻ ጊዜ፣ አንድ ሰዓት ይጠብቁ።

ሊቀመንበር፦ በየትኛው አንቀጽ?

ጫማ ሠሪ፦ በሰውነት።

ሊቀመንበር፦ ሰውነት የሚል አንቀጽ የለንም። አንተስ ምን አስጨነቀህ? ድምፅ የለህ። አንቀጽ ሰባት፦ «ሰዓቱ ከአምስት ደቂቃ በላይ የተዛነፈ አባል ድምፅ አይሰጥም።» ዘጠኝ ዓመት ድምፅ ሳትሰጥ ኖረህ ዛሬ ስለማኅበሩ ታለቅስልኛለህ?

ጫማ ሠሪ፦ ድምፅ ባይኖረኝም ወንበር ነበረኝ።

(ሊቀመንበሩ ስልኩን የስኳር ጣሳው ላይ እንደገና አስደግፎ ያስተካክላል።)

ጫማ ሠሪ፦ እኔ እኮ ከዚያ ከመጀመሪያው ግሩፕ እስከ ዛሬ አልወጣሁም።

ሊቀመንበር፦ (በሳቅ እየፈነዳ) ምን? ከተዘጋው?

ጫማ ሠሪ፦ መውጫውን አጣሁት። ሁሉን ነካካሁ፤ አንዴ አበባ ተላከ፣ አንዴ የመካኒኩን ስም የቀየርኩ ይመስለኛል። በሩን ግን አላገኘሁትም።

ሊቀመንበር፦ ባዶ ቤት ውስጥ ተቆልፈህ ወር ሊሞላህ ነዋ! ሆሆይ! ለነርሷ ስነግራት... (ሳቁ ይቋረጣል) ለነርሷም አልነግራትም ለካ። (ሰዓቱን ያያል።) አሥር ደቂቃ አለቀ። ቃሌን ጠብቄአለሁ።

(አመልካች ጣቱን ወደ ስልኩ ይዘረጋል።)

ጫማ ሠሪ፦ ጋሼ አይንኩት!

ሊቀመንበር፦ በቃ!

ጫማ ሠሪ፦ (እጁን አፈፍ አድርጎ ይይዘዋል) ግሩፑ ባዶ አይደለም!

ሊቀመንበር፦ ልቀቀኝ። የትኛው ግሩፕ?

ጫማ ሠሪ፦ የመጀመሪያው። ሁሉም እዚያ ናቸው። እርስዎ በወጡ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስምንታችንም ተሟልተን ነበር። ያን ስድብዎን አነበቡት፤ ነርሷ አለቀሰች። «እንግዲያው እንውጣ» ተባለ። እኔ መውጫውን አላውቀውም አልኩ። መምህርቷ «ታዲያ ብቻውን ጥለነው እንሄዳለን?» አለች። በዚያው ቀሩ። በየቅዳሜው አዲስ በከፈቱት ቦታ ሁሉ ይመጣሉ፤ እርስዎ የሉም፤ ስድብዎ ብቻ ነው ያለው። ከዚያ ወደ እኔ ይመለሳሉ።

ሊቀመንበር፦ በስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?

ጫማ ሠሪ፦ በዘጠኝ።

ሊቀመንበር፦ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኔ ነበርኩ!

ጫማ ሠሪ፦ አልነበሩም ጋሼ።

ሊቀመንበር፦ ይህ ሰዓት ምስክሬ ነው!

ጫማ ሠሪ፦ (ቀስ ብሎ) እሱማ ነው ነገሩ።

(ሊቀመንበሩ ሰዓቱን ያያል፤ ጫማ ሠሪውን ያያል።)

ሊቀመንበር፦ ምን ልትለኝ ነው?

ጫማ ሠሪ፦ ላልናገር ምዬ ነበር። ማኅበሩ ከሚፈርስ ግን ኩነኔው በእኔ ላይ ይሁን። እትዬ አራሷን ልጃችሁን ሊጠይቁ የሄዱ ቀን መጀመሪያ ሱቄ ገቡ። ጫማ ሊያሠሩ መስሎኝ ወንበር ሰጠኋቸው። «አደራ አለብህ» አሉኝ። «ያ ሰዓት በቀን ሁለት ደቂቃ ወደፊት ይሮጣል። ጠዋት ጠዋት እሱ ፊቱን ሲታጠብ መስታወቱን ከፍተህ ፔንዱለሙን ሁለት ደቂቃ በጣትህ ያዝልኝ። ከዚያ ልቀቀው። እንዳያይህ።»

ሊቀመንበር፦ ሐሰት ነው።

ጫማ ሠሪ፦ በመጀመሪያው ቀን መጣሁ፤ እርስዎ አገኙኝና ቁልፉን ኪስዎ ከተቱት። ያው ከዚያ ወዲህ በየማለዳው መንጠራራት ነው። ያልያዝኩትን ቀን በሱቄ በር ላይ በጠመኔ እጭራለሁ። ሃያ ስምንት ጭረት ሆኗል።

ሊቀመንበር፦ ሃያ ስምንት በሁለት...

ጫማ ሠሪ፦ ሃምሳ ስድስት። ሁለቴ አባዝቼዋለሁ።

ሊቀመንበር፦ አሥራ አንድ ዓመት አንዲት ሰከንድ ያልተዛነፈ ሰዓት ነው የምትለው! ዳቦ ቤቱ ነው እንጂ... (ይቆማል።) ዳቦ ቤቱ ለሁለት አራት ደቂቃ ጉዳይ ነው የከፈተው። (በጣቱ አየር ላይ ይቆጥራል።) ሃምሳ ስድስት። ሬዲዮው መጀመሪያ ሩብ ሰዓት... ከዚያ አርባ... (ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል።) ሁለት ገጽ ጻፍኩላቸው።

ጫማ ሠሪ፦ በአደራ ደብዳቤ።

ሊቀመንበር፦ ዝም በል። (ቆይቶ) እሷ ከመቼ ጀምሮ ነው ይህን የምታደርገው?

ጫማ ሠሪ፦ ሰዓቱ እዚህ ከተሰቀለ ጀምሮ።

ሊቀመንበር፦ በየማለዳው?

ጫማ ሠሪ፦ አንድ ቀን አላስታጎልኩም ብለውኛል።

ሊቀመንበር፦ አንድ ሰሞን እግሯ ተሰብሮ ነበር እኮ።

ጫማ ሠሪ፦ በክራንች ቆመው።

ሊቀመንበር፦ እኔኮ ሰው ሲመጣ ጠርቼ አሳየው ነበር። «እዩት፣ አንዲት ሰከንድ!» እላለሁ። እሷ እዚህ ቆማ ሻይ ትቀዳለች። አንድ ቀን ፈገግ እንኳ አላለችም። (መሐረብ አውጥቶ አፍንጫውን ይጠርጋል።) ለምን አልነገረችኝም?

ጫማ ሠሪ፦ እኔም ጠይቄያቸው ነበር። «ጡረታ የወጣ ቀን ቢሮውንም፣ ማኅተሙንም፣ ሰላምታውንም ወሰዱበት። ይህቺን እኔ አልወስድበትም» አሉኝ።

(ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አንሥቶ አራት ቦታ ይቀድደዋል። ስልኩ ላይ የጻፈውንም ያጠፋዋል።)

ጫማ ሠሪ፦ እኔን ግን ለምን እንደመረጡኝ አልነገሩኝም።

ሊቀመንበር፦ እኔ አውቃለሁ። አንተ ብትነግረኝም እንደማላምንህ ታውቃለች። (ይነሣል፤ ከኪሱ ትንሿን ቁልፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣታል።) እሷ መቼ ነው የምመለሰው ያለችህ?

ጫማ ሠሪ፦ ማክሰኞ።

ሊቀመንበር፦ በል እኔ ፊቴን ልታጠብ።

ጫማ ሠሪ፦ አሁን? በዚህ ሰዓት?

ሊቀመንበር፦ ፊቴን ስታጠብ አይደል እንዴ የሚደረገው? እኔ ምንም አላየሁም። ምንም አልሰማሁም። ማክሰኞም አትነግራትም። (ይወጣል።)

(ጫማ ሠሪው ቁልፏን አንሥቶ መስታወቱን ይከፍታል። ፔንዱለሙን በጣቱ ይይዛል። ቤቱ ጭር ይላል። የሰዓቱ ጠቋሚ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ስድስት ደቂቃ ላይ ቆሟል። ከጓዳ ውኃ ሲፈስ ይሰማል፤ ይቆማል፤ እንደገና ይፈስሳል። ሊቀመንበሩ ፊቱን እያበሰ ይመለሳል። ሰዓቱን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።)

ሊቀመንበር፦ ጨረስክ?

ጫማ ሠሪ፦ ጋሼ፣ ሁለት ደቂቃ አይደለም እኮ። ሃምሳ ስድስት ነው። ተመልሰው ይታጠቡ።

ሊቀመንበር፦ ሦስቴ በሳሙና ታጠብኩ፤ ፊቴ ሊያልቅ ነው!

ጫማ ሠሪ፦ እግርዎንም ይታጠቡ።

ሊቀመንበር፦ (ትዕግሥቱ አልቆ ዘወር ይላል) አንተ ሰውዬ! እዚያው በጣትህ ይዘኸው ልትቆም ነው? ፔንዱለም አንዴ ከቆመ በራሱ አይነሣም። ልቀቀውና ቁጭ በል!

ጫማ ሠሪ፦ እትዬ «ያዝልኝ» ነው ያሉኝ።

ሊቀመንበር፦ (ሊቆጣ ይልና ይተወዋል። ወንበር ጎትቶ ያመጣለታል።) እንግዲያው ተቀምጠህ ያዝ።

(ከአርባ ደቂቃ በኋላ። ጫማ ሠሪው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አሁንም ፔንዱለሙን እንደያዘ ነው። ሊቀመንበሩ አጠገቡ ሌላ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የእሱ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ባትሪው አልቆ ጠፍቷል። ድንገት የጫማ ሠሪው ስልክ ከኪሱ ውስጥ ይንጫጫል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ።)

ጫማ ሠሪ፦ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ሊቀመንበር፦ ስልኩን አየኸው እንዳትለኝ!

ጫማ ሠሪ፦ ኧረ ተለጥፏል፤ ይዩት።

ሊቀመንበር፦ ታዲያ በምን አወቅህ? ያንተ ሰዓት ቆሟል። የእኔንም ይዘህ አቁመኸዋል።

ጫማ ሠሪ፦ መጡ እኮ። እነሱ ሲመጡ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ሊቀመንበር፦ እና አንተ እስከ ዛሬ ሰዓቱን ጠብቀህ የምትገኘው እንዴት ነው?

ጫማ ሠሪ፦ እኔማ አልወጣሁም። ያልወጣ ሰው በምን ያረፍዳል?

(ሊቀመንበሩ ትክ ብሎ ያየዋል።)

ሊቀመንበር፦ ...በል አስገባኝ።

ጫማ ሠሪ፦ የት?

ሊቀመንበር፦ ግሩፑ ውስጥ! እኔ ከወጣሁ ወዲያ አድሚኑ ማነው?

ጫማ ሠሪ፦ እኔ ነኝ መሰለኝ። እርስዎ የወጡ ቀን ስሜ ጎን ኮከብ ነገር በቅሎብኛል፤ ልፍቀው ብል እምቢ አለኝ።

ሊቀመንበር፦ (ከራሱ ጋር) አሥራ አንድ ዓመት ሊቀመንበር ሆኜ... (ጮክ ብሎ) «ሰው ጨምር» የሚል አለ?

ጫማ ሠሪ፦ (በአንድ እጁ ስልኩን አውጥቶ) አለ።

ሊቀመንበር፦ ንካው። ስሜን ፈልግ።

ጫማ ሠሪ፦ በስምዎ አልመዘገብኩዎትም።

ሊቀመንበር፦ በምን መዘገብከኝ?

ጫማ ሠሪ፦ ይቅርብዎ።

ሊቀመንበር፦ በምን?

ጫማ ሠሪ፦ «ሰዓት አክባሪው» ብዬ።

ሊቀመንበር፦ (ዓይኑን ጨፍኖ) ንካው።

(ጫማ ሠሪው ይነካል። ወዲያው ከግሩፑ የድምፅ ጥሪ ይመጣል፤ ሲያነሣው የብዙ ሰው ድምፅ በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ ነርሷ ከሁሉም በላይ «ገባ! ገባ! ጋሼ ገባ!» እያለች ትጮኻለች። ሊቀመንበሩ ኮሌታውን ሊያስተካክል እጁን ያነሣና እዚያው አንገቱ ላይ ይተወዋል።)

ሊቀመንበር፦ እንደምን... እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ። አረፈድኩባችሁ። ወር ሙሉ አረፈድኩባችሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ። (ድምፆቹ ይንጫጫሉ።) የለም የለም፣ ድምፅ አልሰጥም፤ በአንቀጽ ሰባት ታግጃለሁ። የት እንደምንሰበሰብ እናንተ ወስኑ። ...ምን? እዚሁ? ከጎኑ ሰዓት እየጻፈ? (ወደ ጫማ ሠሪው ዞር ብሎ ያየዋል፤ ያ ሰው አሁንም ጣቱን ከፔንዱለሙ አላነሣም።) ይሁን። ፕላስተር እንጨምራለን።

ጫማ ሠሪ፦ (በሹክሹክታ) ጋሼ።

ሊቀመንበር፦ ምን አለ?

ጫማ ሠሪ፦ ስብሰባው ሲያልቅ እባክዎ መውጫውን ያሳዩኝ። ከሦስት ቦታ ወጥተው የሚያውቁ እርስዎ ብቻ ነዎት።

ሊቀመንበር፦ አላሳይህም።

ጫማ ሠሪ፦ ለምን?

ሊቀመንበር፦ አንተ ከወጣህ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን በምን እናውቃለን?